ቀሚስ የለበሱት ሮማኖች

ኑ፣ ጠጋ በሉ! አንተ ከኋላ የምታንሾካሹከው፣ አፍህን ግጠም! የጅብ ነገር ነው፤ ሳቅህን ለኋላ አቆየው። ዝም አላችሁ? እህ!

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ በሚጠፋበት ቆላ፣ እመት አህያ አሥራ ሁለት የሮማን ዛፍ ነበራት። ጎረቤቷ ቀበሮም ሮማን ነበራት። አምና የአህያን ፍሬ ፀሐይ ለበለበው፣ ሰነጣጠቀው፤ የተረፈውን ወፍ ጨረሰው። ውሃውን የሚያከፋፍለው ጌታ አንበሳ ግብሩ ቀርቶበት ተቆጣ።

«ዘንድሮ ከጓሮሽ አንድ ደህና ሮማን ካልቀመስኩ፣ የመስኖ ተራሽን ለቀበሮ እሰጣለሁ!»

ውሃው ከሄደማ ዛፎቹም እሷም አለቀላቸው።

አህያ ስታስብ ከረመች። ፍሬው እንቁላል ሲያክል ነጭ አቡጀዲ ቀዳ ትናንሽ ከረጢት ሰፋች። በሰኮና እንዴት ሰፋች አትበሉኝ፤ ሰፋች አልኳችሁ፣ ሰፋች! እያንዳንዱን ሮማን አልብሳ አንገቱ ላይ ሸብ አደረገችው፤ ከታች ነፋስ እንዲገባው ትንሽ ክፍት ተወችለት።

ሮማኑ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ቀን ጠዋት አያ ጅቦ በዚያ ሲያልፍ ቀና አለ። ክው አለ!

«ኧረ ጉድ! ተገንዘው ተሰቅለዋል! ሬሳ በዛፍ!» እንባውም ምራቁም እኩል ወረደ።

ቀበሮ ጨርቅ መሆኑን አይታለች። ግን የመስኖው ተራ ታያት።

«አዎ፣ አያ ጅቦ! የስንቱን ልጅ ፈጅታ መሰለህ! ሩጥ፣ ለጌታ አንበሳ ንገር!»

አንበሳ አራዊቱን ሁሉ አስከትሎ ከተፍ አለ። አህያ ሮጣ ዛፎቿ ፊት ቆመች።

«ሮማን ነው ጌታዬ! ፀሐይ እንዳይበላብኝ ነው የሸፈንኩት!»

«ሮማን ቀሚስ ሲለብስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች ቀበሮ። ሁሉም አፉን ያዘ።

«ይፈታ!» አለ አንበሳ።

ጅብን ማን ቀድሞት! ዘሎ አንዱን ከነጨርቁ ጎረሰው። ቀይ ውሃ በአገጩ ተንዠቀዠቀ።

«ደም! ደም ነው!» አገሩ ተተራመሰ፤ ፍየል ራሷን ሳተች። ጅብ ግን ቆም ብሎ አኘከ፣ ደግሞ አኘከ።

«እናንተ... ይሄ ሬሳ ይጣፍጣል!»

አንበሳ ራሱ አንዱን ፈታ። ልሙጥ፣ ቀይ፣ ጭረት የሌለው ሮማን! ገመጠና ዓይኑ ፈጠጠ።

«ቀበሮ፣ ያንቺንስ እስቲ አምጪ!»

አመጣች። ግማሹ ከስሏል፣ ግማሹ ተሰንጥቋል፣ ከስንጥቁ ጉንዳን ይወጣል።

«ጨርቅ አጥተሽ ነው?»

«ጨርቅስ ሞልቶኛል፣ ጌታዬ። ብልሃቱንም አላጣሁት። ግን ሮማን ሳለብስ ሲያዩኝ ምን ይሉኛል ብዬ... ይሉኝታ ይዞኝ ነው።»

አህያ ይሄኔ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች፦

«እንግዲያው ይሉኝታሽን ብዪ!»

ከዚህ የምንማረው፣ ሰው ይስቅብኛል ብለን የተውነው ሥራ ባዶ እጃችንን ሲያስቀረን፣ የፈራነው ሳቂ አብሮን እንደማይራብ ነው።