የሁለቱ ታንኳዎች እኩል ድርሻ

አንድ ባለታንኳ ነበረ። አትቸኩል ይሁኔ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ለሆስፒታላችን ሁለት የኢንተርኔት መስመር ገባ፤ አንዱ መቶ ሜጋ፣ ሌላው አሥር። ራውተሩ ሥራውን አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ እያለ እኩል እንዲያካፍል አደረግሁ። ታዲያ ሐኪሞቹ ለምን ይጮኹብኛል?» ነው ያልከኝ። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ አስተምሬህ ዛሬ ይህን ከጠየቅኸኝ፣ ያኔ የነገርኩህ አልገባህም ማለት ነው። እንግዲህ በሌላ በኩል ልንገርህ።

ይህ ሰው በአንዲት ደሴት ላይ ይኖር ነበር። ለታላቅ ልጁ አሥራ ሁለት ሰው የምትጭን ታንኳ፣ ለታናሹ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን ታንኳ ትቶ ሞተ። ታናሹ ከፋው። «ሰው ሁሉ ወደ ወንድሜ ይሄዳል፤ እኔስ የአባቴ ልጅ አይደለሁም ወይ?» እያለ በየደጃፉ ከሰሰ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡና ፈረዱ፦ መንገደኛ ሁሉ በራስ ተቆጥሮ እኩል ይካፈል፤ አንዱ በሌላው ድርሻ እጁን አያስገባ። ወንድማማቾቹ ማሉ፤ ሕዝቡም «ይበል» አለ። የታንኳዎቹን ስፋት ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም።

በደህናው ቀን ጉዳቱ አልታየም። ገበያ የሚሻገር ሰው ቢዘገይ ይማረራል እንጂ አይሞትም።

አንድ ዓመት ግን ወባ ደሴቲቱን መታት። ሃያ አራት በሽተኛ ወደ ማዶው ጤና ጣቢያ መሻገር ነበረበት። ቆጠሯቸው፤ አሥራ ሁለት ለታላቁ፣ አሥራ ሁለት ለታናሹ። የታናሹ ሚስት በባሏ ድርሻ ውስጥ ወደቀች። እሱም አዳላ እንዳይባል መጨረሻ ላይ አደረጋት።

ታላቁ የራሱን በአንድ ጉዞ አድርሶ ገና በጠዋቱ ተመለሰ። ታናሹ ሁለት ሁለት ሰው እየጫነ ይመላለስ ነበር፤ ክንዱ ዝሏል። ሦስተኛውን ጉዞ አድርሶ ሲመጣ ስድስቱ ገና ዳር ላይ ተኝተው ይንቀጠቀጣሉ። ያን ጊዜ ታላቁ ተነሣና መቅዘፊያውን አነሣ።

«እነዚህን በአንድ ጊዜ ላሻግራቸው» አለ።

ታናሹ «ድርሻዬን አትንካ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌዎቹም «ምለሃል እኮ፤ ፍርድ አይሻርም» አሉት።

ታላቁ ተቀመጠ። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ከባዶ ታንኳው አጠገብ ቁጭ አለ። ወዲያው የሐይቁ ነፋስ ተነሣና ከስድስቱ ማንም ሳይሻገር ቀረ። በሦስት ቀን ውስጥ አራት ሰው ቀበሩ፤ አንዷ የታናሹ ሚስት ናት። ከቀብር መልስ ፍርዱ ተሻረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አየህ ይሁኔ፣ ወፍራሙ መስመርህ እንደ ታላቁ ወንድም ድርሻውን ጨርሶ ባዶውን ተቀምጧል። ቀጭኑ ላይ የታማሚ የሳንባ ፎቶ ተሰልፏል፤ ሐኪሙ ያንን ፎቶ ይጠብቃል፣ ታማሚው ሐኪሙን ይጠብቃል። አሥር ለሚችለው አሥር፣ አንድ ለሚችለው አንድ ስጥ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። መስመር የሰው ልጅ አይደለም፤ ትንሽ ደረሰኝ ብሎ አይከፋውም። እኩል አካፈልኩ ብለህ ደስ የምታሰኘው ራስህን ብቻ ነው።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ አባቴ ነበር። «እኩል ነው ያካፈልነው» እንዳለ ሞተ። እኔም አንድ ቀን እንኳ አልተከራከርሁትም፤ ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። አንተን ግን አልተውህም። ተነሥና ሂድ፤ ሻይህን ስትመለስ ትጠጣለህ።