የውሃ አባት መደብ

አንድ ከተማ ዳር፣ ከወንዙ አጠገብ፣ የሰፈሩ ሰው በጋራ የሚያለማው የአትክልት ቦታ ነበር። ሽማግሌዎቹ አለፉ፣ ልጆቻቸው ሁሉን ከገበያ መግዛት ለመዱ፣ ቦታውም የአረምና የቆሻሻ መጣያ ሆነ። ከንቲባው መጋዘን ሊያሠራበት ሲነሳ ነው ሰፈሩ የባነነው። ተሰብስበው ሄደው ለመኑት። ከንቲባውም «እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥቻችኋለሁ። አንዲት መደብ ደርቃ ባገኝ ግን መሬቱን እወስዳለሁ» አላቸው።

ሰው ተነሳ። አረሙን ነቀለ፣ የተደፈነውን ቦይ ጠረገ፣ ውሃ ከወንዙ ጠለፈ፣ መሬቱንም በየመደቡ ተከፋፈለ። እንደ አባቶቹም ደንብ ተራ የሚያስጠብቅ የውሃ አባት መረጠ። የተመረጡት አቶ መንበሩ ናቸው፤ ቁጡ ቢሆኑም ሐቀኛ ናቸውና ማንም አልተቃወመም። ለክብራቸውም በቦዩ አፍ ላይ ያለው የመጀመሪያው መደብ ተሰጣቸው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር።

አቶ መንበሩ ጠዋት ሲመጡ ቦዩ ሞልቶ ይወርዳል። ቆስጣቸው እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። «ውሃማ ተርፎናል!» ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው። አልዋሹም፤ እሳቸው ዘንድ ተርፏል። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባል የለ?

ጾሙ ሲጋመስ የመጨረሻው መደብ ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤት መጡ። ጎመናቸው ቢጫ ሆኗል።

«ጋሼ መንበሩ፣ ውሃ አይደርሰኝም። የኔ መደብ ከደረቀ ደግሞ የሁላችንም መሬት መሄዱ ነው።»

«ሰነፍ ምክንያት አያጣም! ቦዩ ሞልቶ ሲወርድ በዓይኔ አያለሁ።»

«እርስዎ የሚያዩት አፉን ነው። እስቲ ለአንድ ሳምንት መደብ እንቀያየር።»

የሰማው ሁሉ ሳቀ። አቶ መንበሩ ግን ክብራቸው ተነካ። «እሺ! ጎመን እንዴት እንደሚያድግ ላሳይሽ!» ብለው አካፋቸውን ይዘው ወደ ግርጌ ወረዱ።

ተራቸው ደረሰ። ቆመው ጠበቁ። የመጣችው ውሃ እግር እንኳ አታርስም። «ሌባ አለ!» ብለው እየፎከሩ ቦዩን ተከትለው ወጡ። ሌባ ግን አላገኙም። ያገኙት በየመደቡ ሥር የተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ ነው። አንዱ «ለዚች ችግኝ ብቻ ብዬ ነው» አላቸው። ሌላዋ «ቃሪያዬ ላይ ትንሽ ጠብ እንዲል ነው እንጂ ጋሼ፣ ምን ይጎዳል?» አለቻቸው። እየተቆጡ፣ እየደፈኑ፣ እየገሠጹ ቦዩ አፍ ደረሱ። ከሁሉ የሰፋው ቀዳዳ የመጀመሪያው መደብ ላይ ነበር። ለቆስጣቸው ሲሉ በገዛ እጃቸው የቆፈሩት ነው፤ ረስተውታል።

አቶ መንበሩ አፈሩ። ተንበርክከው ቀዳዳውን በጭቃ ደፈኑት። ሳምንቱ ሲያልቅ ወይዘሮ የሺመቤት «መደብዎን ይረከቡ» ቢሏቸው፣ «ተይው፣ የኔ ቦታ ግርጌ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ላይ ያለ ሰው ቀዳዳ ቢከፍት የውሃ አባቱ ወዲያው ያውቃሉ፤ የሚጠማው የራሳቸው ጎመን ነዋ!

ለፋሲካ ከንቲባው መጣ። ከአፍ እስከ ግርጌ አረንጓዴ ነው። የውሃ አባቱን ሊያመሰግን ቢፈልግ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃ ውስጥ ቆመው አገኛቸው።

«እርስዎ አለቃ ሆነው ምነው ከሁሉ ኋላ?»

«ጌታው፣ እኔ ዘንድ ውሃ ከደረሰ ሁሉም ጠጥቷል ማለት ነው።»

ከንቲባው አብሮት ወደ መጣው መሐንዲስ ዞሮ «ለመጋዘኑ ሌላ ቦታ ፈልግለት» አለ።

ወዳጄ፣ የጋራ ሀብት የሚጠፋው በትልቅ ሌባ ብቻ አይደለም፤ «ለኔ ትንሽ ብቻ» በሚል ደግ ሰውም ነው። የሚለማው ደግሞ መሪው ከሁሉ በኋላ ሲጠጣ ነው። አንተ በምትመራው ቤት፣ መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ማን ነው? ዛሬ ወርደህ እሱ የቆመበት ቦታ ቁም።