የአያ ከርከሮ የወይን ቅምሻ

ተረት ላምጣ? አምጪ በሉ! መሃል ላይ የሳቀ ጥርሱ ይርገፍ? ይርገፍ በሉ! እሺ፣ በራሳችሁ ፈረዳችሁ።

ድሮ ድሮ፣ ጠርሙስ አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ አያ ከርከሮ የሚባል ነበር። ኪሱ እንደ ጭራው ቀጭን፣ አፍንጫው ግን ትልቅ። መሬት ውስጥ የተቀበረ ሥር ከሩቅ ያሸታል። ታዲያ የዚህ የአያ ከርከሮ ልጅ የእማማ ጥርኝን ልጅ ወደደ። እማማ ጥርኝ ደግሞ ምን አለች? "ለሠርጉ የሚቀርበውን መጠጥ መጥቼ ካልቀመስኩ፣ ልጄን አልድርም!"

አያ ከርከሮ ጨነቀው። ሱቅ ሄደና ርካሽ ርካሹን ቀይ ወይን ሦስት ዓይነት ገዛ፤ አንዷ ድቡልቡል፣ አንዷ ቀጭን፣ አንዷ አንገተ ረጅም። ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸውና "ቀማሾች ጠርቼ ልምጣ፣ እንዳትጣሉ" ብሏቸው ወጣ።

እሱ ሲወጣ ጦጢት በመስኮት ገባች። የጎረቤት ልጅ ናት፤ እጇ ሥራ ከሚፈታ ነገር ብታበላሽ ይሻላታል። ሦስቱንም ጠርሙስ አንድ እንስራ ውስጥ ገለበጠች፣ በጭራዋ አማሰለች፣ መልሳ ሞላቻቸው።

"ኧረ አንቺ ልጅ! ምን አረግሽን?" ጮኸች ድቡልቡሏ።

"ዘመድ አረግኳችሁ! ለአያ ከርከሮ የነገረች ትሰበራለች!" አለችና ጦጢት ቆጥ ላይ ወጥታ አፏን በእጇ ይዛ ተቀመጠች።

አያ ከርከሮ አያ ጅቦንና ጋሽ ዝንጀሮን ይዞ ተመለሰ። ቀዱ። ተጎነጩ።

"ድቡልቡሏ ከአሥር ዘጠኝ!" አለ አያ ጅቦ። "ቀጭኗ ግን ውሃ ናት፣ ሁለት ይበቃታል።"

"አንገተ ረጅሟ ናት እንጂ!" አለ ጋሽ ዝንጀሮ ዓይኑን ጨፍኖ። "አቤት ስትወርድ! ድቡልቡሏማ ኮምጣጤ።"

አያ ከርከሮ ድቡልቡሏን አሸተተ። ቀጭኗን አሸተተ። አንገተ ረጅሟን አሸተተ። ግራ ገባው።

"ይቅርታ... ለኔ እኮ ሦስቱም አንድ ሸተቱኝ።"

"ጉንፋን ይዞሃል" አለ አያ ጅቦ።

"ሥር ሲምስ ያደገ አፍንጫ ወይን የት ያውቃል!" አለ ጋሽ ዝንጀሮ።

"ደግሞ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? መጎንጨትም ያው ነው። ድገሙ በሞቴ!" አለ አያ ጅቦ።

ደገሙ። አያ ጅቦ አሁን ለቀጭኗ ከአሥር አሥራ ሁለት ሰጣት።

"ቅድም ውሃ ናት አላልክም?" አለው ከርከሮ።

"ቅድም አፍራ ነበር!"

ጋሽ ዝንጀሮ ደግሞ ድቡልቡሏን አቅፎ ሳማት።

"ኮምጣጤ ያልካትን?"

"ማን? እኔ? እቺን? ምላሴ ይቆረጥ!"

ሠለሱ። አሁንማ ሁለቱ ቀማሾች አንገት ለአንገት ተያያዙ። አያ ከርከሮ ተስፋ ቆርጦ ወደ ጠርሙሶቹ ዞረ።

"እስቲ እናንተው ንገሩኝ፤ የምትሻለው የቷ ናት?"

"እኔ ነኛ!" አለች ድቡልቡሏ። ሆዷን አየት አደረገችና፣ "ግን... እኔ የቷ ነኝ?"

"እኔ ሆድ ውስጥ ያለችው እኔ አይደለሁም" አለች ቀጭኗ።

"አንቺ ሆድ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ መሰለኝ" አለች አንገተ ረጅሟ። "አንቺም ትንሽ እኔ ጋ አለሽ። ወይስ ያቺ ናት?"

አያ ከርከሮ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ዘፍ አለ። ይሄኔ በሩ ተንኳኳ። እማማ ጥርኝ!

ገባች፣ ተቀመጠች፣ ከሦስቱም ቀመሰች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

"እህ፣ ለሠርጉ የቷን መረጥክ?"

"ድቡልቡሏን በል!" አለው አያ ጅቦ በቀኝ ጆሮው።

"አንገተ ረጅሟን በል!" አለው ጋሽ ዝንጀሮ በግራ ጆሮው።

አያ ከርከሮን ላብ አጠመቀው። አንዷን ጠርቶ መገላገል ይችላል። ከተሳሳተስ? የልጁ ሙሽራ ሄደች! እንደገና ሦስቱንም አሸተተ።

"እማማ፣ አይቆጡኝ" አለ። "አንዷን ብጠራልዎ ውሸት ነው። ለኔ ሦስቱም አንድ ናቸው። ለምን አንድ እንደሆኑ አላውቅም። ግራ ገብቶኛል።"



"ውይ ተመስገን!" አለች እማማ ጥርኝ። "እኔንም እኮ አንድ ሸተቱኝ! አፍንጫዬ አረጀ እንዴ ብዬ ፈርቼ ዝም አልኩ። አንዷን ጠርተህ ብታሞግስልኝ ኖሮ ነጠላዬን አንስቼ እሄድ ነበር። ግራ ሲገባው ግራ ገባኝ የሚል አማትማ ከየት ይገኛል? ልጄን ድሬያለሁ!"

እልል ተባለ። ጦጢት ቆጡ ላይ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ቤቱ ይታመሳል ብላ ስትጠብቅ፣ ሠርግ ደገሰችላቸው! አያ ጅቦና ጋሽ ዝንጀሮ የቷ ትሻላለች እያሉ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። አያ ከርከሮም ወይኖቹ ለምን አንድ እንደሸተቱት እስከ ዛሬ አላወቀም። ሄዳችሁ ብትነግሩት ወዮላችሁ!

ስለዚህ ምን ተባለ? አፍንጫው የነገረውን በጆሮው የሻረ፣ በገዛ ድግሱ እንግዳ ይሆናል።

ተረቱን እኔ አወራሁ፤ ብርጭቆውን እናንተ እጠቡ።