የአቶ ወንድይፍራው የቢራ ደብተር

አንድ ቀን፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አቶ ወንድይፍራው በሚባሉ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ላይ በገዛ ቤታቸው ጉድ ሊፈላ ደረሰ። ሰውየው አንድ አመል አላቸው፤ የቤልጂየም ቢራ ታሪክ ሲባል ነፍሳቸውን አያውቁም። ቤልጂየምን በዓይናቸው አላዩ፣ ቢራዋን በምላሳቸው አልቀመሱ! ግን የትኛው መንደር በየትኛው ዘመን ከምን እህል እንደጠመቀ ከተገኘው መጽሐፍ ሁሉ እየለቀሙ፣ በሰባት ዓመት አንድ ወፍራም ደብተር ሞልተዋል። ደብተሩ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አንደኛ ክፍል ገብቷል።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስካለን ግን ነገሩ መረራቸው። የሰው ባል ስለ ልጁ ስለ ከብቱ ሲያወራ፣ የእሳቸው ባል ስለ ባዕድ አገር ብቅል ያወራል። በተለይ አንድ ገጽ እንቅልፍ ነሳቸው፤ በዚያ አገር ቢራ የሚጠምቁ መነኮሳት አሉ ይላል። ስለዚህ የሚካኤል ማኅበር ተራው ቤታቸው የደረሰ ዕለት፣ ባላቸውን ለነፍስ አባታቸው ለአባ ክንፈ ከሰሱ። አባ ክንፈ መነኩሴ ናቸው፤ ቁጡ ናቸው፤ ጠላም አይጠሉም። ማሰሮውን ባርከው፣ ሁለት ዋንጫ ጨልጠው ሦስተኛውን ይዘዋል።

ክሱን ሲሰሙ ቱግ አሉ። ገዳም የጸሎት ቦታ እንጂ የጥንስስ ቤት አይደለም፣ መነኩሴን እንዲህ ማዋረድም ኃጢአት ነው ብለው፣ ደብተሩ አሁኑኑ እሳት እንዲገባ ፈረዱ። ወይዘሮ አስካለ ፍርዱ ሳይቀዘቅዝ ደብተሩን ይዘው ምድጃው አጠገብ ቆሙ። የአቶ ወንድይፍራው የሰባት ዓመት ልፋት ዓይናቸው እያየ ሊነድ ነው። ግን የነፍስ አባት ቃል አይጣስም።

አባ እዚያ ላይ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። ሦስተኛውን ጨልጠው ዋንጫውን ለአራተኛው እየዘረጉ፣

«እስኪ አንተ ተመራማሪ፣ ሰባት ዓመት ስትቆፍር በእነሱ መነኮሳትና በእኛ መነኮሳት መካከል ምን ልዩነት አገኘህ?» አሏቸው።

አቶ ወንድይፍራው ዝቅ ብለው እጅ ነሱና እንዲህ መለሱ፦

«አባቴ፣ የእነሱ ይጠምቃሉ እንጂ እምብዛም አይጠጡም አሉ። የእኛዎቹ ደግሞ አይጠምቁም።»

ማኅበርተኛው ሳቁን በነጠላው አፈነ። አባ ክንፈ ዋንጫቸውን አዩ፣ ደብተሩን አዩ።

«አስካለ፣ ደብተሩን መልሺለት። ለእኔም ከእንግዲህ እንዳትቀጂልኝ» አሉ።

ደብተሩ እስከ ዛሬ አለ፤ ሁለተኛው ቃል ግን ማኅበርተኛው ሳይበተን ፈረሰ።