ቦዬን እንደ ስኳር ድንች የቆፈረው ሰው

አንድ ባሳ የሚባል የቆላ ሰው ነበር። ስኳር ድንች እየበላ አድጎ፣ ቦዬ የሚባለው የሚበላ ሥር ወደሚተከልበት ደጋማ አገር ወጣና ዘነበች የምትባል ልጅ አገባ። አማቱም፣ የዘነበች አባት፣ በሠርጉ ማግስት ያላቸውን የቦዬ ዘር ሁሉ አስረከቡት። "ከአያቶቼ የመጣ ነው። ሌላ ዘር የለኝም፤ አደራ!" አሉት።

ባሳ ተከለው። ሐረጉ ሲወጣ፣ "ይኼ የእኛው ስኳር ድንች ወንድም አይደል እንዴ!" ብሎ ሳቀ። ጎረቤቶቹ ቦዬያቸውን በእንጨት ላይ ሲያወጡት እሱ መሬት ላይ ለቀቀው። ዘነበች፣ "ኧረ እንጨት ትከልለት፤ ስትቆፍርም..." ብላ ስትጀምር አላስጨረሳትም።

"እኔን በሥር ያደግሁትን ሰውዬ ሥር ልታስተምሪኝ ነው?" አላት።

ጊዜው ሲደርስ ሁሉንም ነቅሎ አወጣ። ሐረጉ የሚወጣበትን የቦዬውን ራስ ራሱን ቆርጦ ጣለ፤ ሐረጉን ግን እንደ አገሩ ልማድ ቆራርጦ መልሶ ተከለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም አንድ ቅርጫት ቦዬ ተሸክሞ ደስ እያለው ወደ አማቱ ሄደ።

ሽማግሌው አንዱን አንስተው አገላበጡት። "ራሱስ የት አለ?"

"ጣልኩት፣ አባባ። ሐረጉን ተክያለሁ።"

"ወይ ጉድ! ልጄ፣ ስኳር ድንች ነው ከሐረጉ የሚበቅለው። ቦዬ ዘሩ ራሱ ላይ ነው። እኛ የሚበላውን ቆርጠን፣ ራሱን ከነሐረጉ አፈር እናለብሰዋለን። ዘነበች አልነገረችህም?"

ባሳ እየሮጠ፣ ላብ በላብ ሆኖ ቤቱ ሲደርስ፣ ከተከለው ወዲህ ዞሮ ያላየው ሐረግ ጠውልጓል። "ዘነበች፣ የአባትሽን ዘር አጠፋሁት!" አለ።

እሷም እጁን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችው። የጣላቸውን ራሶች ለቅማ ቀብራቸው ነበር። አንዳንዶቹ በስብሰዋል፤ ጥቂቶቹ ግን ብቅ ብለዋል።

"ምነው ሳትነግሪኝ?" አላት።

"ጀምሬልህ ነበር እኮ፤ መች አስጨረስከኝ?"

ባሳ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። "በይ አሁን ጨርሽልኝ" አላት።

ወዳጆቼ፣ ጨርሶ የማናውቀውን ነገር ጠይቀን እንማረዋለን። የሚያሳስተን የምናውቀውን የሚመስለው ነው። ቦዬና ስኳር ድንች ሁለቱም ሐረግ አላቸው፣ ሁለቱም አፈር ውስጥ ያፈራሉ፤ አንዱን በሌላው ደንብ የያዘ ግን ዘር ያጠፋል። ሰውም እንዲሁ ነው። እናንተስ "አውቃለሁ" ብላችሁ ንግግሩን ያላስጨረሳችሁት ማንን ነው?