ኖራ የነካው ዋንጫ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ኳስ እንደ ጫማ በክር በምትታሰርበት፣ በቴስታ የመታትም ግንባሩ በሚተለተልበት በዚያ ዘመን፣ በጥጥ አምባ ላቀው የሚባል ሰው ነበር። ለከተማዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን የሜዳውን መስመር በኖራ የሚያሰምር እሱ ነው። ተጫዋች አልነበረም፤ አሠልጣኝም አልነበረም። ቡድኑን ግን እንደ ልጁ ይወደው ነበር።

በወንዝና በኮረብታ መካከል ያለው ያ ሜዳ ተንኮለኛ ነበር። ክረምት በወጣ ቁጥር ውኃው ከሣሩ ሥር ቦታ እየቀየረ ይተኛል። ይህን የሚያውቅ በባዶ እግሩ የሚዞረው ላቀው ብቻ ነው።

ቡድኑ ለዋንጫ ደረሰ። አሠልጣኙ ቆፍጣና ነበር። ላቀው ቀርቦ፣ "ጌታዬ፣ ዘንድሮ በወንዙ በኩል ኳስ አይሄድም" አለው።

"አንተ ኖራህን ነስንስ!" አለው።

ላቀው ኖራውን ነሰነሰ። ኳሷ ጭቃ ውስጥ ቀረች፤ ዋንጫውም ቀረ። አሠልጣኙም ሄደ።

በዓመቱ ሌላ መጣ። ይኼኛው ጨዋ ነው፤ ላቀውን አክብሮ አዳመጠው። ግን ጫማው የተወለወለ ነበርና ሜዳው ውስጥ መግባቱን ተጠየፈ። ከዳር ቆሞ፣ "ደረቅ ነው" አለ። ላቀው ኖራውን ነሰነሰ። ዋንጫውም ቀረ። እሱም ሄደ።

በሦስተኛው ዓመት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ "ዋንጫ ካልመጣ ቡድኑ ይፈርሳል" ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ሊፈርስ ለደረሰ ቡድን ማን አሠልጣኝ ሆኖ ይመጣል? ልጆቹ ብቻቸውን፣ በእልህ፣ ለዋንጫ ደረሱ። ያኔ አምበሉ ቦጋለ፣ "ጋሽ ላቀው፣ በሞቴ፣ እርስዎ ይምሩን" አለው።

"እኔ ኖራ እንጂ አሰላለፍ አላውቅም፣ ልጄ።" ቡድኑ በእጁ ላይ እንዳይሞት ፈራ።

ቢሆንም የሚያውቀውን አደረገ። በጨዋታው ዕለት በጠዋት ዐሥራ አንዱንም ጫማ አስወልቆ ሜዳውን አዞራቸው። የኖራውን ባልዲ እየተቀባበሉ መስመሩን ራሳቸው አሰመሩ። የረጠበውን በእግራቸው ዳበሱ፤ የጠነከረውንም ዳበሱ። "እናንተ በኮረብታው በኩል ሩጡ፤ እነሱን ወደ ወንዙ ግፏቸው" አላቸው። ምክሩ ይኸው ነው።

እንግዶቹ ተጋጣሚዎች በወንዙ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሰመጡ። ቦጋለ በኮረብታው በኩል በረረ፤ አገባ! አንድ ለባዶ! ጥጥ አምባ በእልልታ ቀለጠች።

ቦጋለ ዋንጫውን ተቀብሎ ለላቀው ሰጠው። ላቀው እያለቀሰ ዋንጫውን አቀፈው። ዐሥሩም ጣቶቹ በኖራ ታተሙበት። ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን አውጥቶ ሊጠርግ ሲል ሕዝቡ ሁሉ፣ "እንዳይነካ!" ብሎ ጮኸበት። እጁን ሰበሰበ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ዋንጫ ገባ፣ ስንት አሠልጣኝ ወጣ። ዛሬም በጥጥ አምባ አዲስ አሠልጣኝ ሲቀጠር ቀድሞ ወንበር አይሰጠውም፤ ባልዲ ነው የሚሰጠው። ጫማውን አውልቆ ሜዳውን ያሰምራል። ካጉረመረመ ሽማግሌዎቹ እንዲህ ይሉታል፦ "ኖራ ያልነካ እጅ ዋንጫ አይነካም።"