እስኪድኑ ድረስ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄሽን ዘልዬው አይደለም፤ «የሟች እኅቴን ሕመምተኛ ልጆች ቤቴ አስገብቻለሁ፤ አሁኑኑ ልጆቼ ላድርጋቸው ወይስ እስኪድኑ ልጠብቅ?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ያለው እዚህ ሰው ዘንድ ነውና ታግሠሽ ስሚኝ።

ሰውዬው ገበሬ ነበር፤ ጎተራው ሙሉ፣ ቤቱ ግን ልጅ የሌለበት። በአንድ ክረምት ጎረቤቱና የጎረቤቱ ሚስት ተከታትለው ሞቱና አንዲት ሴት ልጅ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ቀረች። ወላጆቻቸውን የጨረሰው በሽታ በልጆቹም ደም ውስጥ ነበረ። ሐኪሙ «መድኃኒታቸውን በየቀኑ ከዋጡ አድገው ይዳራሉ፤ ካቋረጡ ግን አይቆዩም» አለ። ዘመድ ሁሉ አንገቱን ሲደፋ ገበሬው ሁለቱንም ይዞ ገባ። ደግ ሰው ነበር፤ ይህን አንነፍገውም።

ወተቱን አልሰሰተባቸውም፤ የሞቀውንም መደብ ለቀቀላቸው። በዚያ አገር ግን የሌላ ሰው ልጅ የራስ ልጅ የሚሆነው፣ አሳዳጊው በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ሲያጠባው ነው። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጅ ይባላል፤ በአሳዳጊው ስም ይጠራል፣ ይወርሳል፣ ሂድ አይባልም። ገበሬው ይህን አቆየው። ሚስቱ ብትጠይቀው «ይዳኑና አጠባቸዋለሁ። ዛሬ አጥብቼ ነገ ብቀብራቸው የአባት ሐዘን ልቀመጥ ነው?» አላት።

«ሳታጠባቸው ብትቀብራቸውስ አታለቅስም?» አለችው።

እሱ በሬዎቹን ነድቶ ወጣ። ፈሪ ሰው ሥራ ይወዳል።

ልጅቱ ጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታ ነበር። ከዚያ በኋላ እየከሳች ሄደች፤ ትኩሳትም ይመላለስባት ጀመር። ገበሬው «የፈሩት ይደርሳል» አለና በልቡ «እንኳንም አላጠባኋት» ብሎ አሰበ። እንዲህ ማሰቡ አሳፈረው፤ ግን አሰበው።

በመኸር ወራት አንድ ጧት መንሹን ረስቶ ከአውድማ ተመለሰ። ልጁ የራሱን መድኃኒት ውጦ ጨርሷል፤ እኅትየው ደግሞ የእሷን ታጎርሰዋለች። ገበሬው እጇን ያዘ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እስኪድኑ ነው የምጠብቀው ሲሉ ሰምቼ ነው፣ ጋሼ» አለችው። «የሁለታችንንም ከዋጠ ቶሎ ይድናል ብዬ ነው። እኔ ሥራ ዐውቃለሁ፤ የትም ገብቼ አድራለሁ። እሱ ግን ገና ነው፤ አባት ይፈልጋል።»

ገበሬው እዚያው ቁጭ አለ። አፍሮ ግን አልቀረም። ማሩን አወጣና አውድማ ላይ የነበሩትን ሽማግሌዎች እብቁ እንደለበሳቸው ጠራቸው።

«ትኩሳት እያንቀጠቀጣት? ትንሽ ይሻላት እንጂ» አሉት።

«እስኪሻላት የሚጠብቅ ጎረቤት ነው፤ እኔ አባቷ ነኝ» አላቸውና መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ወንድሟን አጠባ። በዚያው ቀን ሁለቱንም በበቅሎ አድርጎ ሐኪሙ ዘንድ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቷን ከእጁ እየተቀበለች ዋጠች፤ ከእንግዲህ ለማን ብላ ትተወው?

በሽታው ከደማቸው ወጣ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ አልወጣም። ልጅቱ ግን ተድራ ወልዳለች፤ ወንድሟም የአባቱን ማሳ ያርሳል። ገበሬው በእርጅና ሲሞት የአባት ሐዘን የተቀመጡት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ገበሬ አንቺ ነሽ። ምግቡን አልነፈግሻቸውም፣ ሐኪም ቤቱንም አላጓደልሽባቸውም፤ የያዝሽባቸው «ልጆቼ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ልጅ ደግሞ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ለመዳን አይታገልም። አሁኑኑ ሂጂና ንገሪያቸው። ምስክር ካስፈለገሽ ምርኩዜን አቀብዪኝ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።